ፎቶ ላይ ለመጻፍ የቱ ይሻላል? ፔይንት፣ ጂምፕ፣ ፎቶፒያ ወይስ ፎቶሾፕ?

«ፎቶ ላይ ስምና ቀን ብቻ ነው መጻፍ የምፈልገው፤ ምን ልግዛ?» በዚህ ወር ብቻ ሦስት ሰው ይህን ጠይቆኛል። ለሦስቱም ያልኩት አንድ ነው፤ ምንም አትግዙ፣ ጂምፕ የሚባለውን ነጻ የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ጫኑ። ይህን የምለው ዝም ብዬ አይደለም። ገንዘቤን ከስሬ ነው የተማርኩት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የኢንተርኔት ሻጭ «የባለሙያ ፎቶ ማስተካከያ፣ አንዴ ከፍለው ለዘለዓለም የእርስዎ» የሚል ማስታወቂያ አወጣ። ዋጋው 30 ዶላር ነበር። ከፎቶሾፕ ጋር ሳስተያየው ርካሽ መሰለኝና ከፈልኩ። ጫንኩት፣ ሠራሁበት፣ ወደድኩትም። አንድ ቀን አንድ ጓደኛዬ አጠገቤ ተቀምጦ ስክሪኑን ሲያይ «ይሄ እኮ ጂምፕ ነው!» አለኝ። የራሱን ላፕቶፕ ከፍቶ ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው። መሣሪያዎቹም ሜኑውም ቁርጥ አንድ ናቸው። የእኔው ስሙና አርማው ብቻ ተቀይሯል፤ ያውም የቆየ እትም ነው። የጂምፕ ፈቃድ ማንም ሰው ፕሮግራሙን ቀድቶ እንዲሸጥ ስለሚፈቅድ፣ መሸጡ ብቻውን ወንጀል አይደለም። ግን ያው ፕሮግራም ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በነጻ ይታደላል። ያ 30 ዶላር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ፎቶ ላይ መጻፉንማ ሁሉም ይችላሉ። የሚለያዩት ስሕተት የተገኘ ቀን ነው። ከዊንዶውስ ጋር በሚመጣው ፔይንት ላይ ጽፋችሁ ከሳጥኑ ውጭ አንዴ ክሊክ ካደረጋችሁ አለቀ፤ ፊደሉ ከዚያ በኋላ ፊደል መሆኑ ቀርቶ ቀለም ነው። የእህቴ ልጅ ስትመረቅ ፎቶዋ ላይ በፔይንት «እንኳን ደስ አለሽ» ብዬ የጻፍኩ መስሎኝ ሴቭ አድርጌ ላክሁላት። ለካ «አለህ» ብያለሁ። ኦሪጅናሉን ኮፒ ሳላደርግ እላዩ ላይ ነው ሴቭ ያደረግኩት፤ ሌላ ቅጂም አልነበረኝም። ጽሑፉ ያረፈው በጋዎኗ እጅጌ ላይ ነው። ከጎኑ ካለው ጨርቅ እየቀዳሁ ፊደሉን ስሸፍን አንድ ሙሉ ከሰዓት ፈጀብኝ። ዛሬም ፎቶውን ጠጋ ብሎ ያየ ሰው እጅጌዋ ላይ የደበዘዘውን ቦታ ያገኘዋል።

በ2023 የዊንዶውስ 11 ፔይንት ሌየር (ፎቶው ላይ እንደ ብርሃን አሳላፊ ወረቀት የሚደረብ ንብርብር) ስለተጨመረለት ነገሩ ትንሽ ተሻሽሏል። ጽሑፉን ለብቻው ሌየር ላይ ካደረጋችሁት፣ ሲሳሳት ያንን ሌየር አጥፍቶ እንደገና መጻፍ ይቻላል። አንዷን ፊደል ብቻ ማረም ግን አይቻልም። ፔይንት ዶት ኔት የሚባለው ሌላ ፕሮግራምም ቆንጆና ፈጣን ነው፤ ጽሑፍ ላይ ግን ችግሩ ያው ነው። እሱን የምትፈልጉ ከሆነ ከራሱ ድረ ገጽ አውርዱት፣ ነጻ ነው። ማይክሮሶፍት ስቶር ላይ ያስከፍላል።

ወደ ፎቶሾፕ እንምጣ። ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚጠራው እሱን ነው። ጥሩነቱን አልክድም። ግን ከ2013 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ አዲሱን እትም አንዴ ገዝቶ የራስ ማድረግ ቀርቷል፤ ኪራይ ነው። በዓመት ውል ለብቻው ሲወሰድ በወር ወደ 23 ዶላር ይመጣል። አስሉት፤ በዓመት 276፣ በአምስት ዓመት 1,380 ዶላር። መክፈል ስታቆሙ ፕሮግራሙም ይዘጋል። ዓመቱ ሳይሞላ ላቋርጥ ካላችሁ ደግሞ ቅጣት አለው። የአሜሪካ መንግሥት በ2024 የፎቶሾፕን ባለቤት አዶቤን የከሰሰው ይህን ቅጣት ከደንበኛ ደብቋል ብሎ ነው። ፎቶ ላይ ስምና ቀን ለመጻፍ ይህ ሁሉ ወጪ ለምን?

«ክራክ የተደረገውን»፣ ማለትም ቁልፉ ተሰብሮ ያለ ክፍያ የሚታደለውን ፎቶሾፕ፣ «እጭናለሁ» የምትሉ አላችሁ። እባካችሁ ተዉት። እኔ ሞክሬዋለሁ። መጫኛው ገና ሲጀምር አንቲቫይረሱን አጥፋ አለኝ፤ አጠፋሁት። ከሳምንት በኋላ ብራውዘሬ በራሱ ገጽ ይከፍት ጀመር፤ በመጨረሻም ኮምፒውተሩ ፎርማት ተደረገ። ባክአፕ ያላደረግኳቸው ፎቶዎች አብረው ሄዱ።

ኢንተርኔት ካላችሁና ምንም መጫን ካልፈለጋችሁ ፎቶፒያ አለላችሁ። በብራውዘር ይከፈታል፣ መልኩ ፎቶሾፕን ይመስላል፣ የፎቶሾፕን ፋይልም ያነባል። ማስታወቂያ በጎን ያሳያችኋል እንጂ አያስከፍልም። ፎቶው የሚሠራው እዚያው ኮምፒውተራችሁ ላይ ስለሆነ ወደ ሌላ ቦታ አይላክም። ጽሑፉም ጽሑፍ ሆኖ ይቆያል። ሁለተኛ ምርጫዬ ነው። አንደኛ ያላደረግኩት መጀመሪያ ለመክፈት ኢንተርኔት ስለሚፈልግ ነው።

ጂምፕ ላይ «አለህ»ን «አለሽ» ለማድረግ የጽሑፍ መሣሪያውን ይዞ ፊደሏ ላይ ክሊክ ማድረግ ብቻ ይበቃል። ታጠፋላችሁ፣ ትጽፋላችሁ፣ አለቀ። ቀለሙንም መጠኑንም ከወር በኋላ ተመልሳችሁ ትቀይራላችሁ። በ2025 የወጣው የጂምፕ 3.0 እትም ደግሞ ፊደሉን ዙሪያውን በሌላ ቀለም መክበብ አቅልሏል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነጭ ጽሑፍ ነጭ ሸሚዝ ላይ ሲያርፍ አይነበብም፤ ቀጭን ጥቁር ጠርዝ ሲደረግለት ግን የትም ቦታ ይነበባል።

መጀመሪያ ላይ ያስቸግራል፤ አልዋሻችሁም። ሜኑው ብዙ ነው። ፎንት የበዛበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ይዘገያል። አማርኛ ስትጽፉ ሳጥን ሳጥን ከመጣ ጥፋቱ የፎንቱ ነው። ዊንዶውስ ላይ ኒያላን ወይም ኤብሪማን ምረጡ፤ አቢሲኒካና ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክም በነጻ ይገኛሉ። የቆዩት፣ ዩኒኮድ (ፊደልን በሁሉም ኮምፒውተር አንድ ያደረገው ሥርዓት) ያልሆኑት የግዕዝ ፎንቶች እዚህ አይጠቅሟችሁም፤ በእነሱ የተጻፈውን ቀድታችሁ በሌላ ፎንት ስታስቀምጡት የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ድብልቅ ሆኖ ነው የሚመጣው።

ስታወርዱም ተጠንቀቁ። ጉግል ላይ ፈልጋችሁ መጀመሪያ የመጣውን ማስታወቂያ አትንኩ። በ2022 የጂምፕን ገጽ አስመስሎ የተሠራ ድረ ገጽ በማስታወቂያ በኩል ሰው እየሳበ የይለፍ ቃል የሚሰርቅ ቫይረስ ሲያስጭን ነበር። አድራሻውን ራሳችሁ ጻፉት፤ ጂምፕ ዶት ኦርግ (gimp.org)።

አንድ ነገር ብዙ ሰው ያደናግራል። ጂምፕ ላይ «ሴቭ» ስትሉ የሚወጣው ፋይል ኤክስሲኤፍ ይባላል፤ ጽሑፉን እንደገና ለማረም የሚያስችላችሁ እሱ ነው፣ እንዳትጥሉት። ለሰው የምትልኩት ግን «ኤክስፖርት» ብላችሁ የምታወጡትን ነው። ጽሑፍ ያለበትን ፎቶ ፒኤንጂ በሚባለው የፋይል ዓይነት አውጡት፤ የተለመደው የፎቶ ፋይል ጄፔግ በጣም ሲታመቅ በፊደሉ ዙሪያ ጭጋግ የመሰለ ነገር ያመጣል። አንድ ጓደኛዬ ኤክስሲኤፉን ለማተሚያ ቤት ልኮ «ፋይልህ አይከፈትም» ተብሎ ሁለት ቀን ጠፋበት። ደውሎልኝ ፒኤንጂ አድርጎ ሲልከው በዚያው ሰዓት ታተመለት።