ነፃው የዳታ ሲም እንግሊዝ አገር ብቻቸውን ለሚኖሩ ወጣቶች

ያለ ወላጅ እንግሊዝ ገብተው በካውንስል (በአካባቢ አስተዳደር) እጅ ያደጉ የሐበሻ ልጆች ብዙውን ጊዜ 18 ዓመት ሲሞላቸው ብቻቸውን መኖር ይጀምራሉ። የጋራ ቤቱ ዋይፋይ እዚያው ይቀራል። የኮሌጁ መልእክትም፣ የጠበቃው ቀጠሮም፣ የእናት ድምፅም ከዚያ ወዲያ በስልክ ዳታ ላይ ይንጠለጠላሉ። ለዚህ ጊዜ የናሽናል ዳታባንክን ነፃ ሲም ያለማመንታት እንመክራለን።

አገልግሎቱን እ.ኤ.አ. በ2021 የጀመሩት ጉድ ቲንግስ ፋውንዴሽን የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅትና የስልክ ኩባንያው ቨርጂን ሚዲያ ኦቱ ናቸው። ትልቁ ጥንካሬው ድጎማ መቀበልን ግዴታ አለማድረጉ ነው። ዕድሜው 18 የሞላ፣ ገቢው ዝቅተኛ የሆነና በቂ ኢንተርኔት የሌለው ሰው ይበቃል። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና ያልተወሰነለት ልጅ ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚባለውን የመንግሥት ድጎማ ስለማያገኝ ለድጎማ ተቀባዮች የተዘጋጁት ቅናሽ ያላቸው ፓኬጆች ይዘጉበታል፤ ይህ በር ግን ክፍት ነው። ሲሙ በአካባቢ ማእከላት፣ በአንዳንድ ቤተ መጻሕፍትና በኦቱ ሱቆች ይሰጣል። ከመሄድ በፊት በፋውንዴሽኑ ድረ ገጽ ላይ ፖስትኮድ አስገብቶ ቅርብ ያለውን ቦታ ማየት ይሻላል። ዕድሜው 16 ወይም 17 ከሆነ ግን ካውንስሉን መጠየቅ ነው።

ብዙ ልጆች የሚቸገሩት በቁጥሩ ነው። አዲሱ ሲም አዲስ ቁጥር ይዞ ይመጣል፤ የባንኩና የዩኒቨርሳል ክሬዲቱ ማረጋገጫ ኮድ የሚላከው ግን ወደ አሮጌው ነው። አሮጌውን ሲም የጣለ ልጅ የራሱ አካውንት ይዘጋበታል። ስልኩ ሁለት ሲም የሚይዝ ከሆነ አሮጌውን ለጥሪና ለቴክስት፣ አዲሱን ለዳታ ማድረግ፤ ዋትሳፑንም በአሮጌው ቁጥር መተው። አሮጌው ለወራት ሳይደወልበት ከቆየ ኩባንያው ሊዘጋው ስለሚችል አልፎ አልፎ ይደወልበት። ከዲሴምበር 2021 በፊት የተገዛ ስልክ በአንድ ኩባንያ የተቆለፈ ሊሆን ይችላልና እዚያው ማእከሉ ውስጥ ሲሙን ከትቶ መሞከር ነው።

ዳታውን ቶሎ የሚጨርሰው ቪዲዮ ነው። በከፍተኛ ጥራት ሲታይ በሰዓት እስከ 3 ጊጋባይት፣ በመደበኛ ጥራት እስከ 1 ጊጋባይት ይበላል። ቴሌግራምና ዋትሳፕ ቪዲዮ በራሳቸው እንዳያወርዱ ከሴቲንግ ማጥፋት፣ በዋትሳፕ ደግሞ ጥሪ ትንሽ ዳታ እንዲጠቀም የሚያደርገውን ምርጫ ማብራት ይጠቅማል። ሲሙ ላይ ያለው የጥሪ ደቂቃ ለብሪታኒያ ቁጥሮች ነው፤ ወደ 251 በቀጥታ መደወል አይሞከር።

ሲሙ ጊዜያዊ ስለሆነ የሚያበቃበትን ቀን በተቀበሉበት ዕለት ስልኩ ካላንደር ላይ መጻፍ ያስፈልጋል። ዩኒቨርሳል ክሬዲት ያለው ልጅ ከዚያ በኋላ ስማርቲ ወደተባለው የሞባይል ኩባንያ የወር 12 ፓውንድ ያልተገደበ ዳታ መዛወር ይችላል፤ የረጅም ጊዜ ውል የለውም። አሮጌውን ቁጥር ይዞ ለመዛወር ከአሮጌው ሲም ፒ፣ ኤ፣ ሲ የሚሉትን ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት ወደ 65075 በነፃ መላክ ነው፤ የሚመጣው ኮድ ለ30 ቀን ያገለግላል። ድጎማ የሌለው ደግሞ ሲሙ ከማለቁ ከወር በፊት ፐርሰናል አድቫይዘሩን (ካውንስሉ የመደበለትን አማካሪ) የኢንተርኔት ወጪ ፓዝዌይ ፕላኑ (የካውንስሉ የድጋፍ ዕቅድ) ውስጥ በጽሑፍ እንዲገባለት ይጠይቅ።