የቅዳሜው የዘይት ቀለም ኮርስ፦ ስዕሉን አስተማረኝ፣ ጠይም ፊት ግን አቃተው

8 ቅዳሜ፣ በየቅዳሜው ለ3 ሰዓት፣ 340 ዶላር። እዚህ ሜሪላንድ ሰፈሬ አጠገብ ያለ ትንሽ ስቱዲዮ ነው፣ የምወቅሰው ነገር ስላለኝ ስሙን ልተወው። አንድ የባሮክ ፖርትሬት (በ1600ዎቹ አውሮፓ የተሳለ የሰው ምስል) ትመርጡና እሱኑ ኮፒ እያደረጋችሁ ነው የምትማሩት። እኔ የመረጥኩት ሁዋን ዴ ፓሬሃን ነው፣ ስፔናዊው ሰዓሊ ቬላዝኬዝ በ1650 ሮም ላይ የሳለው፣ አሁን ኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ያለው። ሰውየው የቬላዝኬዝ ባሪያ ነበር፣ የነፃነት ወረቀቱ የተፈረመለት በዛው ዓመት ነው፣ በኋላ ራሱም ሰዓሊ ሆኗል። አስተያየቱን ስታዩት ግን ጌታው እሱ ነው የሚመስለው። ሙዚየሙ ምስሉን በትልቅ ጥራት በነፃ ስለሚሰጥ ፕሪንት ማስደረግ ብቻ ነው።

የመጀመሪያዎቹ 3 ሳምንታት ምን ልበላችሁ፣ ለነሱ ብቻ ብከፍልም አይቆጨኝም። በግሪድ፣ ማለትም ምስሉን በአራት ማዕዘን ከፋፍሎ መንደፍ፣ ከዛ ኡምበር የሚባለውን ቡናማ ቀለም ብቻ ይዞ ጥላውን መቀባት፣ ብርሃኑን ደግሞ በጨርቅ እየጠረጉ ማውጣት፣ ሌላ ቀለም መንካት ክልክል ነው። ከስር የሳሳ፣ ከላይ ዘይት የበዛበት፣ ካልሆነ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል ብሎ አስተማሪው መቶ ጊዜ ደጋግሞታል፣ ደግ አደረገ።

ችግሩ 5ኛው ሳምንት፣ ቆዳው ላይ ስንደርስ መጣ። አስተማሪው ያለችው አንድ ቅመም ናት፦ ነጭ፣ ኦከር (አፈርማ ቢጫ)፣ ቀይ። ጠይም ሲሆንስ ስለው "ቡናማ ጨምርበት" አለኝ። ብርሃን ያለበትን ቦታ በነጭ ሳፈካው ሰውየው ከወፍጮ ቤት የወጣ መሰለ! ፎቶውን ለእናቴ ብልክላት "ምነው፣ አሞት ነው እንዴ?" አለችኝ። እኛ እኮ ጠይም፣ ቀይ ዳማ፣ ጥቁር ብለን ስንቱን እንለያለን፣ እዚህ ግን ሁሉም ቡናማ ነው።

አላስችለኝ ሲል ባስ ይዤ ኒውዮርክ ሄድኩ። ቀርቤ ሳየው ፊቱ ላይ ብርሃን የሆነው ነጭ ሳይሆን ሞቅ ያለ ቀይ ቡናማ ነው፣ ቀለሙ ሳስቶ የተቀባ፣ በጣም የፈካው ግንባሩና አፍንጫው ላይ ብቻ። ቤት ገብቼ በርንት ሲየና (ቀይ ቡናማ ቀለም) እና ኦከር ይዤ ጀመርኩ፣ ማፍካቱን በኦከር፣ ነጩን መጨረሻ ላይ በብሩሽ ጫፍ ብቻ። ቲታኒየም የሚባለው ነጭ ቀለም ጉልበተኛ ነው፣ ትንሽ ከበዛ ሁሉን አመድ ያደርገዋል። ለአገጩ ስር ጥቁርና ኦከር ስቀላቅል አረንጓዴ ቢጤ ወጣልኝ፣ ልክ ነው የገባው።

ሌላው፣ ብሩሽና ቀለም በዋጋው ውስጥ የለም፣ እኔ 110 ዶላር ገደማ አውጥቻለሁ። መስኮት አይከፍቱም፣ ራስ ያዞራል። ደግሞ የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨብጦ ከተቀመጠ በራሱ ሊቀጣጠል እንደሚችል ማንም አልነገረን፣ ይሄ በጣም አናደደኝ፣ ዘርግታችሁ አድርቁት።

ብሩሽ ይዞ ለማያውቅ ሰው ግቡ እላለሁ፣ ጠይም ፊት ልትስሉ ከሆነ ግን 5ኛው ሳምንት ላይ አስተማሪውን አትስሙት። የሁዋንን የልብስ ኮሌታ ደግሞ ክፍል ውስጥ በቀጭን ብሩሽ አራት ጊዜ ቀብቼ አራት ጊዜ ጠርጌዋለሁ፣ ኒውዮርክ ላይ ሳየው ለካ ጥቂት ደፋር ጭረት ናት፣ ተመልሼ በሰፊው ብሩሽ በ10 ደቂቃ ጨረስኩት።