ሄንሪ ቫኪዩም፦ የድሮው 1200 ዋት ወይስ አዲሱ 620? ለጅማ ቤት የሚሻለው የቱ ነው

ሄንሪን የሚያውቅ ሰው አዲሱን ገልብጦ ከሥሩ የተለጠፈውን ሲያነብ ጥያቄው አንድ ነው፦ «620 ዋት? የድሮው እኮ 1200 ነበር፤ ይሄ ምን ሊስብ ነው?» ይህን ጥርጣሬ የሚያውቅ ሻጭም ያገለገለውን 1200 «ጉልበታሙ፣ ዋናው» እያለ በአዲሱ ዋጋ ሊሸጠው ይሞክራል። መልሱን ላስቀድም። ወለሉ ሴራሚክ ወይም ሲሚንቶ፣ ምንጣፉ መካከለኛ ለሆነ የጅማ ቤት 620ው ይበቃል፤ 1200 ፍለጋ መንከራተት አያስፈልግም። የመብራት ሂሳብ ለመቀነስ ብሎ ደህና የሚሠራ 1200 ጥሎ አዲስ የሚገዛም ግን ገንዘቡን አባከነ።

ለማያውቀው፣ ሄንሪ ማለት ኑማቲክ የተባለው ድርጅት እንግሊዝ አገር፣ ሱመርሴት ውስጥ ቻርድ በምትባል ከተማ የሚሠራው፣ በፈረንጆቹ 1981 ለገበያ የወጣ ቀይ ክብ ቫኪዩም ነው። ፊት ተስሎበታል፣ ይስቃል፣ ቱቦው ከአፍንጫው ይወጣል። ልጆች ያለቅጥ ይወዱታል፤ ይህ ለግዢ ምክንያት ባይሆንም ለማስጠረግ ይረዳል።

ዋቱ የወረደው ፋብሪካው ዕቃ ስለቆጠበ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት ከመስከረም 2014 (በእነሱ አቆጣጠር) ጀምሮ ከ1600 ዋት በላይ የሆነ የቤት ቫኪዩም ለገበያ እንዳይቀርብ ከለከለ፤ በመስከረም 2017 ጣሪያውን ወደ 900 ዋት አወረደው። አብሮም ድምፁ ከ80 ዴሲቤል እንዳያልፍ፣ ሞተሩ ቢያንስ 500 ሰዓት እንዲሠራ ደነገገ። ከዚያ በፊት ፋብሪካዎች ካርቶኑ ላይ 2000፣ 2200 እያሉ ይፎካከሩ ነበር። ዋት ግን ማሽኑ ከሶኬት የሚወስደው እንጂ ከምንጣፍ የሚያነሳው አይደለም። ከዚያ ኃይል ብዙው ወደ ሙቀትና ጩኸት ይሄዳል። ምንጣፉ ጋ የሚደርሰውን የሚወስኑት የፋኑ አሠራር፣ የቱቦው አለመተንፈስ፣ የከረጢቱ ንጽህናና ወለሉ ላይ የሚያርፈው ጭንቅላት ናቸው።

የ1200ው ባለቤቶች ብዙ ጊዜ የማያስተውሉት ነገር አለ። ባለሁለት ፍጥነቱ የድሮ ሄንሪ ሲበራ የሚነሳው በዝቅተኛው፣ በ600 ዋት ገደማ ነው። 1200 የሚሆነው ቁልፉ ሲጫን ብቻ ነው። እና «የድሮው ነበር ማሽን» የሚሉ ስንቶቹ ያችን ቁልፍ ሳይነኩ ዓመታት ጠርገው ይሆን? 620ውን ሲንቁ የኖሩበትን ጉልበት እየናቁ ነው።

እውነተኛ ልዩነት የሚታየው ወፍራም ምንጣፍ ላይ ነው። ሳሎን ሙሉ ጸጉሩ ረጅም ምንጣፍ ወይም ግድግዳውን ተከትሎ የተነጠፈ የመጅሊስ ፍራሽ ካላችሁ፣ 1200ው ቁልፉ ተጭኖ አንዴ ያነሳውን 620ው ሁለቴ መመለስ ሊጠይቅ ይችላል። በዝቅተኛ ዋት የሚሠሩት ጭንቅላታቸው ወለሉን ጥብቅ አድርጎ እንዲይዝ ስለሚሠራ ምንጣፍ ላይ ሲገፉ ይከብዳሉ። ክንድ የሚያማት እናት ቤት ካለች ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። እጀታው ላይ ያለችውን የአየር መስኮት ትንሽ ከፈት ማድረግ ግፊያውን ያቀላል፤ መሳቡን ግን በዚያው ልክ ይቀንሳል።

አሁን ወደ መብራቱ። በሳምንት ሁለት ጊዜ ሃያ ሃያ ደቂቃ ብትጠርጉ በዓመት ወደ 35 ሰዓት ይመጣል። 1200ው ሁልጊዜ በሙሉ ኃይሉ ቢሠራ 42 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላል፣ 620ው ደግሞ 21.5። ልዩነቱ በዓመት 20 ኪሎዋት ሰዓት ነው። 3.5 ኪሎዋት የሚወስድ የእንጀራ ምጣድ ይህንን ስድስት ሰዓት ሳይሞላው ይጨርሰዋል። የመብራት ታሪፉ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር በደረጃ የሚወጣ ቢሆንም፣ ሂሳባችሁን ወደ ላይኛው ደረጃ የሚገፋው ምጣዱ እንጂ ቫኪዩሙ አይደለም።

የ620ው ጥቅም መስመሩ ላይ ነው፣ በእኛ ቤቶች ደግሞ ይህ ከሂሳቡ ይበልጣል። በ220 ቮልት 1200 ዋት ማለት አምስት ተኩል አምፔር ያህል ነው፤ 620 ግን ሦስት እንኳ አይሞላም። አዲስ በተሠራ ኮንዶሚኒየም ይህ ምንም አይደለም። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ባሉ የድሮ ቤቶች ግን ሳሎኑ ያለው አንድ ሶኬት ነው፤ ቴሌቪዥኑም፣ ፍሪጁም፣ የስልክ ቻርጀሩም በአንድ ዲቫይደር የሚንጠለጠሉት እዚያው ላይ ነው። እዚያ ሰፈር ያለችው አክስቴ ጓዳ ምጣድ ጥዳ እኔ ሳሎን 1200ውን ሳበራ አምፖሉ ክስም ይላል፤ እሷም ከጓዳ «የኔ ልጅ፣ እንጀራው ዓይን አላወጣ አለ፣ ቆይ እስኪ!» ትለኛለች። በ620ው ጊዜ አምፖሉ ብዙም አይነቃነቅም። ስታብላይዘር ላይ የምትሰኩ ከሆነም 1000 ቪኤ የተጻፈበት 620ውን ይችላል፣ 1200ውን ግን አይሸከምም። ትንሿ የአንድ ኪሎዋት ጄኔሬተርም እንደዚያው ናት፤ 620ው ቢሰካ ሌላ ነገር አብሮ አይሰካ።

በሁለቱም ላይ የሚሠራ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ አሥር ሜትር የሚሆነውን ገመድ ሙሉ በሙሉ ሳትዘረጉ ረጅም ሰዓት አትጥረጉ። እንደተጠቀለለ ይግላል፣ 1200ው ላይ ደግሞ ይብሳል።

ጅማ ውስጥ የቫኪዩም ዋና ጠላት ቀዩ አፈር ነው። ሲደርቅ ዱቄት ይሆናል። ገና ግማሽ ያልሞላ ከረጢት ቀዳዳዎቹ በዚህ ዱቄት ሲደፈኑ ማሽኑ መሳብ ያቆማል፣ ሰውም «ሞተሩ ደከመ» ብሎ ወደ ጠጋኝ ይሮጣል። ግቢው ውስጥ ጀንፈል የሚያሰጣ፣ ቡና የሚፈለፍል ቤት ከሆነ የገለባው ብናኝ ይጨመርበታል። እዚህ ላይ ለ1200ው ፍርድ እሰጣለሁ፦ ትርፍ ጉልበት ስላለው የተደፈነ ከረጢትን ይታገሳል። 620ው ከረጢቱ ካልተቀየረ ወዲያው ይለግማል። አውሮፓ ውስጥ ይለጠፍ የነበረው የኃይል ደረጃ ምልክት በፍርድ ቤት የተሻረውም በዚሁ ዓይነት ምክንያት ነው። ዳይሰን ኩባንያ ምርመራው በባዶ ከረጢት መካሄዱን ተቃውሞ ከሰሰ፣ በ2018 መጨረሻ ረታ። ስለዚህ ካርቶን ላይ ያለ የድሮ «ኤ» ምልክት አያታላችሁ፤ በባዶ ሆድ የተገኘ ውጤት ነው።

ከረጢቱ ጅማ ውስጥ እንደ ሳሙና ከየሱቁ የሚገኝ ዕቃ አይደለም። ስትገዙ፣ ወይም ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሲኖር፣ አሥር የያዘውን እሽግ አብራችሁ አስመጡ። ከረጢቱ በላይ፣ ከሞተሩ ሥር ያለውን የጨርቅ ማጣሪያ ግቢ ወጥቶ ማራገፍ ይቻላል፤ ካጠባችሁት ግን ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አትመልሱት።

ምን እንደማይጠረግም ልናገር። የቡና ቄጤማ በእጅ ይለቀም፤ ረጃጅሙ ሳር ቱቦው መታጠፊያ ላይ ተጠላልፎ ይወተፋል። ገራባም እንደዚያው፣ ቅጠሉ ያልፍ ይሆናል፣ እንጨቱ ግን ይሰነቀራል። ፈንዲሻና ቆሎ ችግር የለባቸውም፣ እንዲያውም ከምንጣፍ ጸጉር መሀል የገባ የቆሎ ስባሪ ሲንጣጣ ወደ ቱቦው መግባቱ ደስ ይላል። ከማጨሻ የፈሰሰ አመድ ግን «በርዷል» ብላችሁ እንዳትስቡት። ውስጡ የተደበቀች ፍም ከነፋስ ጋር ከረጢቱ ውስጥ ስትገባ የምትሠራውን መገመት አያቅትም። ክረምት ላይ ከአዌቱ ዳር በጫማ የመጣ ጭቃም እስኪደርቅ ይጠብቅ። ሄንሪ፣ አዲሱም አሮጌውም፣ ለእርጥብ አልተሠራም፤ ለዚያ የተሠራው አረንጓዴው ወንድሙ ጆርጅ ነው።

ያገለገለ 1200 ለምትገዙ። በስሙ አትመኑ፤ «ኤች ቪ አር 200» የሚለው መጠሪያ በድሮውም በአዲሱም ላይ አለ፣ እውነቱን የሚናገረው ከሥሩ ያለው ልጥፍ ነው። 220 ወይም 230 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ማለት አለበት። 120 ቮልት የሚል ከአሜሪካ የመጣ ነው፤ እዚህ በቀጥታ ከተሰካ አይተርፍም። ከዚያ አስነሱትና የቱቦውን አፍ በመዳፋችሁ ድፈኑ። ደህና ማሽን መዳፍን ጨምድዶ ይይዛል፣ የሞተሩም ድምፅ ቀጠን ብሎ ወደ ላይ ይወጣል። ድምፁ ካልተለወጠ ወይ ቱቦው የሆነ ቦታ ተሰንጥቋል፣ ወይ ክዳኑ አይገጥምም። ቱቦው ከአፍንጫው ጋር የሚገናኝበትን አንገት ጎንበስ አድርጋችሁ እዩ፣ ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው። የተቃጠለ ሽታ ካለ ካርቦኑ (ለሚሽከረከረው የሞተሩ ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው ቁራጭ) ሊያልቅ ተቃርቦ ይሆናል፤ ይህን ሞተር የሚጠግን ባለሙያ ሊያየው ይችላል፣ ዋጋው ግን ቀድሞ ይቀነስ። ሦስት አራት ማዕዘን እግር ያለውን የእንግሊዝ ሶኬት ቆርጦ ሽቦውን እንዲሁ የሚሰካ ሻጭ ካጋጠማችሁ፣ ውስጡ የነበረው ፊውዝም አብሮ መጣሉን አስቡ። አስማሚ ይገዛ።

ከአዲሶቹ መሀል ደግሞ ትንሹ፣ «160» የሚባለው፣ ያው 620 ዋት ሆኖ ከረጢቱ 6 ሊትር ነው፤ ትልቁ 200 ዘጠኝ ይይዛል። ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ትንሹን እመርጣለሁ፣ ደረጃ ላይ ይዞ ለመውጣት ይቀላል። ሂርማታ መርካቶ አጠገብ እንግዳ ማረፊያ ያለው፣ በየቀኑ ኮሪደር ሙሉ ምንጣፍ የሚያስጠርግ ሰው ግን በደህና ዋጋ ንጹሕ 1200 ካገኘ ይውሰድ፤ ለከረጢት የሚጨነቅ ሠራተኛ ማግኘት ከማሽኑ ይከብዳል።