ለዝናብ የምከፍለው ገንዘብ፦ የዲሲ የፍሳሽ አገልግሎት በእኔ ዓይን

ዋሽንግተን ዲሲ፣ ብሉሚንግዴል የሚባል ሰፈር ቤት ስገዛ፣ ጎረቤቴ ሴትዮ መጀመሪያ ያሳዩኝ ቤዝመንታቸው ግድግዳ ላይ የቀረውን የውሃ ምልክት ነው። ጉልበቴ ድረስ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2012 ሰፈሩ በአንድ ሰመር አራት ጊዜ ተጥለቀለቀ። ውሃው በመንገድ ብቻ አልመጣም። በሽንት ቤትና በሻወር ማፍሰሻ በኩልም ወደ ላይ ወጣ። እኔ ደግሞ ቤዝመንቴን አከራያለሁ። ያ ምልክት ከዓይኔ አልጠፋ አለ።

ለዚህ ነው የከተማውን ውሃና ፍሳሽ ስለሚያስተዳድረው ድርጅት፣ ስለ ዲሲ ዋተር የምጽፈው። ብዙዎቻችን ሂሳቡን ከፍለን ስለ ፍሳሽ አናስብም።

በዲሲ አንድ ሦስተኛው ክፍል የዝናብ ውሃና የሽንት ቤት ፍሳሽ አሁንም በአንድ ቱቦ ነው የሚሄዱት። የእኛ ሰፈር ዝቅ ያለ ነው። ዋናው ቱቦ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተቀበረ ነው፤ ያኔ ይሄ ሁሉ አስፋልትና ሲሚንቶ አልነበረም። ዶፍ ሲወርድ ቱቦው ይሞላል፣ የተረፈው ወደ አናኮስቲያ ወንዝ ይለቀቃል። መሄጃ ያጣው ደግሞ ዝቅ ያለ ቤት ፈልጎ ይገባል።

መፍትሔው የመጣው በደረጃ ነው። በ2016 በፈርስት ስትሪት ሥር የተቆፈረው፣ ከቱቦው የተረፈውን ውሃ የሚይዝ ዋሻ ሥራ ጀመረ፤ ውሃውን የሚያወጣለት ጊዜያዊ ፓምፕ ጣቢያ ነበረው። በ2023 ደግሞ ትልቁ ዋሻ ተከፈተ። 5 ማይል ይረዝማል፣ ስፋቱ 23 ጫማ ነው። ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ይውጣል። ውሃው በራሱ ቁልቁል እየወረደ ብሉ ፕሌንስ ማጣሪያ ድረስ ይሄዳል። እዚያ ከ100 ጫማ በላይ ጥልቀት ላይ ፓምፖች ተቀብለው ወደ ላይ ይገፉታል።

ልቤን የያዘው ይሄ ነው። ቁልቁል መውረድ ለውሃ ቀላል ነው። ወደ ላይ የሚያወጣው ካልበረታ ግን ያ ሁሉ ዋሻ የሞላ ጉድጓድ ሆኖ ይቀራል። ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ሌላው ሳይመጣ ባዶ መሆን አለበት። የድሮውን ፓምፕ ጣቢያ ማየት የሚፈልግ ቤዝቦል ስታዲየሙ አጠገብ ይሂድ። የሚያምር የጡብ ሕንፃ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፣ አሁንም ይሠራል። እንዲህ ያለውን ጣቢያ ማደስ ከባድ ነው፤ ከተማው ለአንድ ቀን እንኳ ሽንት ቤት አይጠቀም ማለት አይቻልማ። ጎኑ ያለው የድርጅቱ ዋና መሥሪያ ቤት በሌላ ፓምፕ ጣቢያ ላይ ነው የተሠራው። ሲሞቅ ሙቀቱን ከፍሳሹ ይወስዳል፣ ሲቀዘቅዝም ሙቀቱን ወደ ፍሳሹ ያስወጣል። በጣም ደስ ይለኛል።

ዋሻው ከተከፈተ በኋላ ጎረቤቴ ግድግዳቸውን ቀለም አስቀቡ።

የተበሳጨሁት በሌላ በኩል ነው። ፍሳሽ ወደ ቤት ተመልሶ እንዳይገባ የሚዘጋ ቫልቭ አስገጠምኩ። ቧንቧ ሠራተኛው ገጥሞ ሲጨርስ ላዩን በሴራሚክ ደፈነው። ቫልቭ በየጊዜው ተከፍቶ መጽዳት አለበት! ሴራሚኩን ለማስፈረስ ሁለተኛ ከፈልኩ። እናንተ ስታስገጥሙ የሚከፈት ክዳን ይኑረው በሉ። ደግሞ ዶፍ ሲወርድ ቫልቩ ስለሚዘጋ የራሳችሁም ውሃ መውጫ የለውም። ተከራዬ ዝናቡ ሲበረታ ሻወር እንዳይገባ ነግሬዋለሁ።

ሂሳቡ ላይ ዝናብ በማያሰርግ መሬት ልክ የሚታሰብ ክፍያ አለ፤ ጣሪያ፣ ሲሚንቶ፣ ፓርኪንግ። በጡረታ ለሚኖር ሰው ይከብዳል፤ አቅም ለሌላቸው ቅናሽ ስላለ ጠይቁ። እኔ ግን እየከፈልኩ አላዝንም። ወደ አናኮስቲያ ይለቀቅ የነበረውን ፍሳሽ 98 በመቶ ለመቀነስ የታሰበ ሥራ ነው። ልጆቻችን አንድ ቀን የሚዋኙበት ወንዝ ነው።

ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቻለሁ። አንዱን የያዝኩት በሌላው ወንዝ፣ በፖቶማክ በኩል ያለው ዋሻ ገና ስለሆነ ነው፤ ያልቃል የተባለው በ2030 ነው። እስከዚያ እባካችሁ፣ ቅቤ ያነጠራችሁበትን ድስት በሶፍት ጠርጋችሁ እጠቡ፣ እርጥብ ሶፍትም ሽንት ቤት ውስጥ አትጣሉ። ቅቤው ቱቦ ውስጥ ይረጋል፣ ሶፍቱ ፓምፑ ላይ ይጠመጠማል። እጁን አስገብቶ የሚፈታው ደግሞ ሰው ነው።