ፎቶፒ፦ አሮጌ ላፕቶፕ ላላችሁ ግራፊክስ ተማሪዎች

ቀጥታ ልንገራችሁ። ግራፊክስ መማር አምሯችሁ ላፕቶፓችሁ አሮጌ ከሆነ ፎቶሾፕ ለመጫን አትድከሙ። ፎቶሾፕን የሚመስለውን የፎቶ ማስተካከያ ድረ ገጽ፣ ፎቶፒን (Photopea) ክፈቱ። እኔ ስምንት ወር ሠርቼበታለሁ። የሠርግ ጥሪ፣ የሱቅ ባነር፣ የእህቴ የምረቃ ፎቶ ሳይቀር በሱ ነው ያለቀው።

መጀመሪያ ግን የተቃጠልኩበትን ላውራ። ቴሌግራም ላይ አንድ ኮርስ በ2,500 ብር ገዛሁ። ብሩን ልኬ ስገባ ምን ባይ ጥሩ ነው? ዩቲዩብ ላይ በነፃ የሚገኙ ቪዲዮዎች፣ ያውም አንዳንዶቹ የባለቤቱ አርማ ጥጉ ላይ እንዳለ፣ ተራ ቁጥር ብቻ ተለጥፎባቸው ተደርድረዋል። ሻጩን ጥያቄ ስጠይቀው "እየሠራህ ትለምደዋለህ" አለኝ። ከዚያ ሰውዬው ጠፋ። አብሮ የሰጠን ክራክ (ሳይከፈልበት ቁልፉ የተሰበረ) ፎቶሾፕ ደግሞ 4 ጊጋ ራም ያላትን ላፕቶፔን አንቆ ያዛት፤ አንድ ብሩሽ እስክትመርጥ ቡና ተፈልቶ ሦስተኛው ይጠጣል።

ፎቶፒን ያሳየኝ የጎረቤት ልጅ ነው። ብሮውዘር ላይ ይከፈታል፣ የሚጫን የለም፣ ተመዝገብ አይልም። ነፃ ነው፤ ማስታወቂያውን ግን ችላችሁ ነው። የሠራው ኢቫን ኩትስኪር የሚባል ፕሮግራመር ነው። ሜኑውም አቋራጭ ቁልፎቹም ፎቶሾፕን ስለሚመስሉ፣ የፎቶሾፕ ትምህርት እያያችሁ እዚያው መከተል ትችላላችሁ፤ የፎቶሾፕን የራሱን ፋይል፣ ፒኤስዲንም ይከፍታል። ለኔ ትልቁ ጥቅሙ ይሄ ነው። ፎቶው የሚሠራው እዚያው ኮምፒውተራችሁ ላይ ስለሆነ ገጹ አንዴ ከተከፈተ ኔትወርክ ቢሄድም ሥራው ይቀጥላል። መብራት ሲሄድ ግን ሌላ ጉድ ነው። አንዴ የሦስት ሰዓት ሥራ ሳላስቀምጥ ጠፋብኝ፤ ጥፋቱ የኔና የሞተው ባትሪዬ ነው።

አስተማሪ ካላችሁኝ ፒክስኢምፐርፌክት የሚባለውን የሕንዳዊውን የኡንሜሽ ዲንዳን የዩቲዩብ ቻናል እዩ። ይሄን ተጫን፣ ያንን ጎትት ብሎ አይተዋችሁም። ለምን እንደሆነ ያስረዳል። እኔ ማስክን (የፎቶውን ክፍል ሳያጠፋ የሚደብቀውን) እስካውቅ ድረስ የማልፈልገውን ሁሉ በላጲስ ነበር የማጠፋው፣ ከዚያ የጠፋው ፀጉር ሲያስፈልገኝ የለም። ማስክ ላይ ነጭ ያሳያል፣ ጥቁር ይደብቃል፤ ሐሳብህን ከቀየርክ በነጭ መልሰህ ትቀባዋለህ። በቃ። እሱን ከተረዳሁ በኋላ ግማሹ ትምህርት ቀለለኝ። የሠራልኝ ዘዴ ደግሞ ቪዲዮውን እጄን አጣጥፌ እስከ መጨረሻው አይቼ፣ ዘግቼው፣ በራሴ ፎቶ መሞከር ነው። የሚይዘኝ ቦታ ያልገባኝ ቦታ ነው።

እነዚህ ቪዲዮዎች የማይነግሯችሁ ሁለት ነገር አለ። አንዱ የኛ ቆዳ ነው። ካየኋቸው ብዙዎቹ የሚለማመዱት በፈካ ቆዳ ነው። እህቴን እንደነሱ አብርቼ፣ ፊቷን አለስልሼ ለእናቴ ባሳያት "ምን አደረግሃት? አመዷ ቡን ብሏል እኮ!" አለች። እውነቷን ነው። ጠይም ፊት ዝም ብሎ ሲበራ ሙቀቱን ያጣል። ከርቭስ (ብርሃንና ቀለም ማስተካከያው) ላይ ሰማያዊውን ትንሽ ዝቅ፣ ቀዩን ትንሽ ከፍ ሳደርግ ልጅቷ ተመለሰች። ማለስለሱንም ግማሽ በግማሽ ቀነስኩት፤ ቆዳ ቀዳዳ አለው፣ ይታይ።

ሁለተኛው ፊደላችን ነው። "ርዕሱን በካፒታል ጻፉት" ይላሉ፤ ግዕዝ ፊደል የታል ካፒታሉ? ጋደል ሲያደርጉትም የሚወድቅ ነው የሚመስለው። ልዩነቱን በውፍረትና በመጠን ነው ማምጣት ያለባችሁ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለው ፎንት ከስስ እስከ ደማቅ ብዙ ውፍረት አለው፣ ነፃ ነው፣ ፋይሉን ጎትታችሁ ፎቶፒ ላይ ስትጥሉት ይገባል። ግዕዝ የሌለው ፎንት መርጣችሁ ሳጥን ሳጥን ቢወጣ ኮምፒውተሩ አልተበላሸም።

የባነሩን ነገር ባልናገር ይሻላል። ስክሪን ላይ የሚያበራው አረንጓዴዬ ታትሞ ሲመጣ የደረቀ ጎመን ሆኗል። ስክሪን የሚሠራው በብርሃን፣ ማተሚያው በቀለም ነው፤ ሁሉንም ድምቀት አያወጣም። አሁን መጀመሪያ ቁራጭ አሳትሜ አያለሁ።

በዚህ ሳምንት ፔን ቱል (በመስመር ከብቦ መቁረጫው) ላይ ነኝ። የአንዲት ጀበና እጀታ ለመቁረጥ ሁለት ማታ ፈጅቶብኛል፣ አንድ ጎኑ አሁንም ጠማማ ነው።