የቀኝ ፓራፋንጎው ዕዳ፦ ኮምቦልቻ ላይ መኪና ስከራይ

ኮምቦልቻ የተከራየኋት ቪትዝ ጥሩ መኪና ናት። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ቀጥሎ የምጽፈው ክስ ስለሚመስል ነው። ፍሬኗ ይይዛል፣ ጎማዎቿ አልተላጩም፣ ቦሎዋ የዘንድሮ ነው፣ የሐረጎን ዳገት ሳታቃስት ትወጣለች። በቀን 3,000 ብርም ከአዲስ አበባ ዋጋ ጋር ሲታይ አያስከፋም። ጣጣው የመጣው ስመልሳት ነው። ለጉዳት ተብሎ 41,000 ብር ተጠየቅሁ፤ የከፈልኩት 14,500 ብቻ ነው። የቀረው እንዴት እንደቀረ በዝርዝር እጽፋለሁ፤ ለሠርግ፣ ለበዓል፣ እናት አባት ለመጠየቅ የሚመጣ ብዙ ሰው ስለሚገጥመው።

የሌላውን አገልግሎት ቶሎ ቶሎ ልበል። ከአዲስ አበባ የተነሳንበት በረራ በሰዓቱ ነበር፣ ሻንጣም አልጠፋም። አየር ማረፊያው ያለው ኮምቦልቻ ስለሆነ ደሴ የሚወርድ ሰው ከዚያ በኋላ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ዳገት ይጠብቀዋል። ደሴ ያረፍኩበት ሆቴል ንጹሕ ነው። ሙቅ ውሃው ጠዋት ብቻ ነው የሚመጣው፤ ብርድ ልብስ ግን ሳይጠየቁ ጨምረው ይሰጣሉ። በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ምሳ ሐይቅ ሄዳችሁ ዓሣ ብሉ። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም፣ ሁሉም ደህና ነበር።

መኪና ያስፈለገኝ ለእናቴ ነው። ጉልበቷን ያማታል፣ ሚኒባስ ውስጥ ተጣጥፋ መቀመጥ አትችልም። ዘመዶቻችን ደግሞ ከደሴ እስከ ሐይቅ፣ ከኮምቦልቻ እስከ ባቲ ተበትነዋል። ሹፌር ይዘን እንዳንሄድ ወንበር ይጠበናል። የሀገር ቤት መንጃ ፈቃዴ አላለቀም፣ ስለዚህ ራሴ ልንዳ አልኩ።

ርክክቡ የተደረገው ከምሽቱ 12 ሰዓት ሊሆን ሲል፣ የመኪና ኪራይ ቤቱ ግቢ ውስጥ ነው። እዚያ የሚሠራ አንድ ልጅ የርክክብ ቅጽ ይዞ መጣ። ቅጹ ላይ መኪና ከፊት፣ ከኋላ፣ ከግራና ከቀኝ ተስሏል፤ ጭረት ያለበት ቦታ ላይ በእስክሪብቶ ይከበባል። ነገር ግን ወረቀቱ የፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ ነው። የቀኙ ስዕል በቀለም ተውጦ ከጥቁር ሰሌዳ አይለይም። ልጁ የግራውን በር ከበበ፣ የኋላ ፓራውልቱን ከበበ። ጥቁሩ ላይ ምን ይክበብ? ፈረምን። ፎቶ አንስቻለሁ፣ ነዳጁንም ኪሎ ሜትሩንም ጭምር። ቀኟ ግን ከግንቡ ጋር ተጣብቆ ስለቆመ ከመኪናው ይልቅ ግንቡ ነው ጎልቶ የወጣው።

ከዚያ በኋላ በመኪናዋ ላይ የደረሰው አንድ ነገር ብቻ ነው። ወደ ባቲ ስንወርድ ከፊታችን የነበረ የጭነት መኪና ጎማ ጠጠር ወረወረብን። ያ መንገድ በሚሌ በኩል ከጅቡቲ ለሚመጡት ከባድ መኪኖች መተላለፊያ ነው፤ ጠጠሩ አያልቅም። መስታወቱ «ጧ!» አለ። እናቴ «በስመ አብ!» ብላ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ቆመን ስናይ በእሷ በኩል ሽምብራ የሚያህል ነጭ ምልክት ተፈጥሯል። እዚያው ሆኜ ፎቶ አንስቼ ላክሁላቸው፣ ደወልኩም። ልጁ «አብሽር ጋሼ፣ ስትመለስ እናየዋለን» አለኝ። ይህች መልእክት ኋላ ጠቀመችኝ፤ የምደብቅ ሰው አለመሆኔን እነሱም ያውቁ ነበር።

የመለስኳት ከበረራዬ ቀደም ባለው ቀን ጠዋት ነው። ይህን ሆን ብዬ ነው ያደረግሁት። የኪራይ ቤት ሁሉ የምትበርበትን ሰዓት ያውቃል። ሻንጣህን አውርደህ፣ ሰዓትህን እያየህ፣ 50,000 ብር ማስያዣህ በእጃቸው ሆኖ ስትከራከር አቅም የለህም። ውጭ አገርም ከዚህ የተሻለ አይደለም። እኔ የምኖርበት ጀርመን ካርድህ ላይ ገንዘብ ይይዛሉ፣ አንተ ቤትህ ከገባህ በኋላ ቆርጠው ወረቀቱን ይልኩልሃል። አንዳንድ የክሬዲት ካርዶች የኪራይ መኪና መድን አላቸው፤ ያ መድን የሚሠራው ግን ባብዛኛው ኪራዩ በዚያው ካርድ ሲከፈል ነው። ኮምቦልቻ ላይ በጥሬ ብር ለከፈለ ሰው ዋጋ የለውም።

ልጁ ዞር ዞር ብሎ አየ። ቀኝ በኩል ሲደርስ ተንበረከከ። «ይሄስ?» አለ። የፊት ቀኝ ፓራፋንጎ፣ ጎማውን ከላይ የሚሸፍነው ቆርቆሮ፣ መዳፍ በሚያህል ስፋት ገባ ብሏል። ጠርዙ ላይ ቀለሙ ተሰንጥቋል።

ቢሮ ገባን። ሥራ አስኪያጇ ወጣት ናት፣ ትሑትም ናት። ቡና አስመጣችልኝ። ከዚያ ሂሳቡን በካልኩሌተር ደምራ አዙራ አሳየችኝ። ፓራፋንጎ 18,000። የፊት መስታወት 14,000። መኪናዋ ጋራዥ ለምትቆምበት 3 ቀን 9,000።

«መስታወቱ የእኔ ነው» አልኳት። «ፓራፋንጎውን ግን አላውቀውም።»

«ጋሼ፣ እኛስ ምን እናድርግ? ባለቤቱ ነው ያለው።»

እዚህ ላይ ነገሩ ገባኝ። እንዲህ ዓይነት ቤት ውስጥ ካሉት መኪኖች ብዙዎቹ የቤቱ አይደሉም። ግለሰቦች መኪናቸውን ያስገባሉ፣ ቤቱ አከራይቶ ድርሻውን ይወስዳል። ባለቤቱ መኪናውን ሲረከብ እሱም ዞር ዞር ብሎ ያያል። አንድ ጉድፍ ካገኘ ቢሮውን ነው የሚይዘው፣ ቢሮው ደግሞ ልጁን። ከልጁ ደመወዝ እንዳይቆረጥ የመጨረሻው ተከራይ ላይ ይወድቃል። ልጅቷ ሌባ አይደለችም። ግን እኔም የማላውቀውን ብረት አልከፍልም።

ውሉን አወጣሁ። «መኪናው ሙሉ መድን አለው፤ ጉዳት ሲደርስ ተከራይ ኤክሰሱን ይሸፍናል» ይላል። ኤክሰሱ፣ ማለትም ከጉዳቱ ላይ መድኑ የማይከፍለው የተከራዩ ድርሻ፣ ስንት ነው? ቁጥሩ የሚጻፍበት ቦታ ነጠብጣብ ብቻ ነው። መድኑን ለምን አትጠይቁም ስላት ብዙ ጊዜ ይፈጃል፣ በሚቀጥለው ዓመት ክፍያውም ይጨምራል አለች። ሊሆን ይችላል። ባለቤቱ መድኑን መጠየቅ ካልፈለገ መብቱ ነው፤ ዋጋው ግን ወደ እኔ ሊዞር አይገባም። በነገራችን ላይ መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን የሦስተኛ ወገን መድን አይተው «መድን አለው» ብለው የሚጽናኑ አሉ። እሱ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ የሆነው ነው፣ የሚሸፍነውም በሌላ ሰውና በሌላ ሰው ንብረት ላይ የሚደርሰውን ነው። ለተከራያችሁት መኪና አንድ ብሎን አይገዛም።

ከዚያ ሦስት ነገር ጠየቅሁ። ከእኔ በፊት የተከራየው ሰው የርክክብ ቅጽ፣ የጋራዥ ፕሮፎርማ፣ ስከፍል ደግሞ የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ። ቅጹን ፈልጋ አጣችው። ፕሮፎርማ የለም፣ «ዋጋው የታወቀ ነው»። ደረሰኙ ላይ ስትደርስ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ያለ ደረሰኝ ከሆነ 30 ይበቃናል ጋሼ።»

በአንድ ትንፋሽ 11,000 ብር ወረደ። ቫቱ 15 በመቶ ነው፤ ከ41,000 ላይ ቢነሳ እንኳ 30 አይገባም። ደረሰኝ ሲጠየቅ የሚወርድ ዋጋ የጥገና ዋጋ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 813/2006፣ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃው፣ ነጋዴ ለሸጠው ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል። አልጮህኩም። ካልተስማማን ነገ ጠዋት ንግድ ጽሕፈት ቤት አብረን እንሂድ ነው ያልኳት።

ወጣ ብዬ ደሴ ላለው የአጎቴ ልጅ ደወልኩ፤ ጠበቃ ነው። ሳቀብኝ። «የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከ1952 ጀምሮ እዚያው አለ፣ ቁጥር 2001ን አንብብላት» አለኝ። ዕዳ አለብህ የሚል ዕዳው መኖሩን ያስረዳል ነው ነገሩ። እናቴ ደግሞ ስልኩን ተቀብላ ሌላ ሕግ ነገረችኝ። የልጅቷን ቤተሰብ ታውቃቸዋለች። ወሎ ነው፣ የማያውቅህ ሰው የለም። «ለብረት ብለህ ሰው አታስቀይም። ሽማግሌ ልላክ?» አለች። ለተሰረጎደ ፓራፋንጎ አባጋር፣ የወሎ አስታራቂ ሽማግሌ፣ ሲቀመጥ ታየኝና እኔም ሳቅሁ። እውነቱን ለመናገር ብዙዎቻችን የምንከፍለው በዚህ ምክንያት ነው። ከውጭ መጥቶ በብር ተጨቃጨቀ እንዳንባል።

ተመልሼ አንድ ሐሳብ አቀረብኩ። እናንተ የምታውቁት ጋራዥ ይሁን፣ ልጁን ስጪኝና አብረን እናሳየው። ሳታቅማማ ተስማማች። ይህን ለእሷ እቆጥርላታለሁ።

ጋራዡ ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ያለ ነው። ባትላሜራው፣ የመኪና ቆርቆሮ የሚያቃናው፣ ጠና ያለ ሰው ነው። እጁን በጨርቅ ጠርጎ ፓራፋንጎውን በጣቱ አንኳኳ። ከዚያ የግራውን አንኳኳ። ምንም አላለም። መሳቢያውን ከፍቶ ከአሮጌ የቴፕ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት አመጣ። ግራው ላይ ሲያስጠጋው «ቀጭ» ብሎ ተጣበቀ። ቀኙ ላይ አደረገውና ለቀቀው። ማግኔቱ ቀስ ብሎ ተንሸራትቶ መሬት ወደቀ።

«ስቱኮ ነው» አለ፤ የተሰረጎደ ቆርቆሮ የሚሞላበት ልስን ማለቱ ነው። ማግኔት ብረት እንጂ ስቱኮ አይዝም፤ በመሃል የተለሰነው ሲወፍር ብረቱ አይደርሰውም። ስንጥቁ ውስጥ ጥፍሩን ሰዶ ፈነቀለው። የጣት ውፍረት ያለው ቅራፊ ተነሣ። ከሥሩ ያለው ቆርቆሮ ጠቁሯል፣ በንብርብር ይፈረፈራል። «አሁን የተመታ ቢሆን ቆርቆሮው ነጭ ነው፣ ቢበዛ ቀላ ይላል። ይሄ ክረምት ያለፈበት ነው። እዚህ ቦታ ቢያንስ አንዴ ተሠርቶ ነበር፣ ስቱኮው ራሱ ነው የለቀቀው።»

ልጁን አየሁት። መሬት መሬት ያያል።

በጽሑፍ ስጠኝ አልኩት ባትላሜራውን። «ወንድሜ፣ ከነሱ ጋር እሠራለሁ» አለ። አልተቀየምኩትም፤ ልጁ ፊት ተናግሮታል፣ ያ ይበቃኛል። እንዲያው ስንት ትሠራዋለህ ስለው ከነቀለሙ 6,500 አለ። 18,000 ከየት እንደመጣ እንግዲህ እናንተ አስቡት። ለመስታወቱ ግን ፕሮፎርማ ጻፈልኝ፣ ሌላ ቦታም ጠየቅን። ርካሹ ከነመግጠሚያውና ከነቫቱ 11,500 ሆነ። ትንሿን ምልክት በሙጫ ሞልቶ ማዳን የሚባል ሥራ አለ፣ ውጭ አገር ተለምዷል፣ እዚያ የሚሠራው ግን አላገኘንም። እንግዲህ መስታወቱ ይቀየር። ማጣበቂያው እስኪደርቅ መኪናዋ አንድ ቀን መቆሟ ግድ ነው። ለሦስት ቀን የሚያስቆማት ግን ፓራፋንጎው ነበር።

ቢሮ ስንመለስ ልጁ ነው ለሥራ አስኪያጇ የነገራት፣ እኔ አፌን አልከፈትኩም። ስቱኮውን ቅራፊ በወረቀት ጠቅልሎ ይዞት መጥቶ ኖሯል። እሷም ለባለቤቱ ደወለች፣ ረጅም ወሬ ሆነ። «ጋሼ ፊት ነው የምታወራው» አለችው በመጨረሻ። ሂሳቡ እንደገና ተደመረ። መስታወት 11,500፣ የአንድ ቀን ኪራይ 3,000። ደረሰኝ ተቆረጠልኝ። ቀሪው 35,500 ከሰዓት በኋላ በባንክ ገባልኝ፣ ሳልደውል።

ደግሜ ከእነሱ እከራይ እንደሆነ ጠይቃችሁኛል ብዬ ልመልስ። አዎ፣ ለደሴና ለሐይቅ እከራያለሁ። የኤክሰሱን ቁጥር ከነጠብጣቡ ላይ አስሞልቼ፣ መኪናዋን ከግንቡ አስወጥቼ፣ ረፋድ ላይ። ለባቲ ግን ሹፌር ያለው መኪና እይዛለሁ፤ ጠጠሩ ያኔ የሹፌሩና የባለቤቱ ጉዳይ ይሆናል፣ እናቴም ከኋላ እግሯን ዘርግታ ትቀመጣለች። ባትላሜራው ለሻይ ብዬ ያወጣሁትን ብር «መስታወቱን እኔ ከገጠምኩት ይበቃኛል» ብሎ መለሰልኝ። ገጠመውም እሱ ነው።