ዶግፊሽ ሄድ 90 ሚኒት አይፒኤ፦ ጠንካራና መራራ ቢራ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚቀምሱ

ከቀላል ላገር (ከተለመደው ቀለል ያለ ቢራ) ወጥቶ አይፒኤ የሚባለውን ሆፕ የበዛበት ቢራ መቅመስ ለሚፈልግ ሰው ይህ ቢራ ጥሩ መጀመሪያ ነው፤ አጠጣጡን ካወቀበት።

ሆፕ የተክል አበባ ነው፤ በቢራ ውስጥ የሚሠራው ጌሾ በጠላ ውስጥ የሚሠራውን ነው። የብቅሉን ጣፋጭነት በምሬት ይቆርጣል፣ መጠጡም ቶሎ እንዳይበላሽ ያግዛል። ከጅምሩ ከተጨመረና ብዙ ከፈላ ምሬቱ ይወጣል፣ መዓዛው ግን ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል፤ ወደ መጨረሻው ከገባ መዓዛው ይቀራል፣ ምሬቱ ያንሳል። ብዙ ጠማቂዎች በዚህ ምክንያት ሆፑን ሁለት ሦስት ጊዜ ከፋፍለው ይጨምራሉ። በአሜሪካ ደላዌር ግዛት ያለው የቢራ ፋብሪካ ዶግፊሽ ሄድ ግን 90 ደቂቃ ሙሉ ሳያቋርጥ ጥቂት በጥቂት ይጨምራል። መሥራቹ ሳም ካላጂዮን ይህን ዘዴ ሲጀምር ሆፑን ወደ ድስቱ ያንጠባጥብ የነበረው በኤሌክትሪክ በሚንቀጠቀጥ የአሜሪካን ፉትቦል መጫወቻ ነው!

አልኮሉ 9 በመቶ፣ የምሬት መለኪያው 90 ነው። ቀላል ላገሮች በዚህ መለኪያ ከ20 ብዙም አይዘሉም። ቢሆንም ምላስን የሚያቃጥል ምሬት አይደለም፤ ብቅሉ ብዙ ስለሆነ ይሸከመዋል። መጀመሪያ የተቃጠለ ስኳርና የዘቢብ ጣዕም ይመጣል፣ ቀጥሎ የብርቱካን ልጣጭና የጥድ ሙጫ፣ ምሬቱ ከዋጡት በኋላ ምላስ ሥር ይቆያል። የአልኮሉ ሙቀት ጉሮሮ ላይ የሚሰማው ዘግይቶ ነው፤ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። 355 ሚሊ ሊትር የምትይዘው አንዷ ጠርሙስ ውስጥ ያለው አልኮል፣ 5 በመቶ አልኮል ባለው ቢራ ሁለት ጠርሙስ ውስጥ ካለው ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ ለሁለት ተካፍሎ መቅመስ ይሻላል። መኪና የሚነዳ ሰው ደግሞ ባይነካው ነው የሚመከረው።

ከፍሪጅ እንደወጣ መጠጣት ገንዘብ ማባከን ነው። በጣም ሲቀዘቅዝ መዓዛው ይታፈንና ምሬቱ ብቻ ይቀራል። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ውጭ አቆይታችሁ አፉ ጠበብ ባለ ብርጭቆ፣ ግማሽ ድረስ ብቻ ቅዱት። መጀመሪያ አሽትቱት፣ ከዚያ ትንሽ ተጎንጩ። ከጠርሙሱ መጠጣት ሽታውን ሙሉ በሙሉ ያስቀራል።

ስትገዙ ጠርሙሱ ላይ ያለውን ቀን ተመልከቱ። የቆየ ከሆነ የሆፑ ሽታ ይጠፋና ከባድ ጣፋጭነት ይገንናል፤ አየር የነካው ደግሞ እርጥብ ካርቶን ካርቶን ይላል። ፀሐይ የሚመታው መደርደሪያ ላይ የቆመውንም ተዉት።

ከምግብ ጋር፣ ቅቤ ያለው ለጋ ጥብስ ወይም የቆየ ጠንካራ አይብ ይስማማዋል። ከቀይ ወጥና ከሚጥሚጣ ጋር ግን አትሞክሩት፤ አልኮሉና ምሬቱ ማቃጠሉን ያብሱታል።

ጉድለቱ ጣፋጭነቱ ነው። ጠርሙሱ ሲጋመስ መክበድ ይጀምራል። ሆፑን ወድዶ ይህ ክብደት ያስቸገረው ሰው የዚያው ፋብሪካ 60 ሚኒት አለለት፤ አልኮሉ 6 በመቶ ነው፣ ብቅሉም ይቀላል።